የአንባብያን ጥያቄ፦ ቼሎው ለምን ዘገየ?

ባለፈው እትም፣ የቼክ ተወላጁ አንቶኒን ድቮርዣክ ለቼሎና ለኦርኬስትራ የጻፈውን ኮንቼርቶ (ቼሎ ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ነው፤ ኮንቼርቶ ደግሞ አንድ ብቸኛ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) ጊዜ ሰጥታችሁ እንድትሰሙት ለምኛችሁ ነበር። በቢ ሚነር፣ ማለትም ጠቆር ባለ የሐዘን ቃና የተጻፈ፣ ሦስት ክፍሎች ያሉት፣ አርባ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሥራ ነው። ከወትሮው የበዛ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ደስታዬም ያንኑ ያህል ነው። ከመካከላቸው አራቱን እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*ጥያቄ፦ ፋርማሲ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው ሲቀንስ የጠቆሙንን ኮንቼርቶ ከፈትኩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አለፈ፤ ቼሎ የሚባል ነገር የለም። ሌላ ሙዚቃ የከፈትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አቋርጬ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ዋናው ባለጉዳይ ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? ሲመጣስ ያ ሁሉ መሣሪያ አንዱን ቼሎ እንዴት ሳይውጠው ቀረ? ከደሴ*

የከፈቱት ትክክለኛውን ነው። ኖታውን ብናየው ቼሎው የሚገባው 86 ባር (ኖታው በምት የሚከፋፈልባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ቁጥር በቃሌ የያዝኩት ፕራግ ተልኬ በተማርኩባቸው ዓመታት ነው። በተማሪዎች ኦርኬስትራ ውስጥ ከቼሎዎቹ በስተኋላ ተቀምጬ ይህን ሥራ ደጋግሜ ተጫውቻለሁ። ብቸኛ ተጫዋቹ ከፊታችን መሣሪያውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ ደጋኑን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ወለል ወለሉን እያየ ይጠብቃል። እኛ የኋላዎቹ ፊቱን አናይም፤ የምናየው ትከሻውን ነው። ተራው ሲቃረብ ትከሻው ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ትንፋሻችንን የምንሰበስበው።

መጠበቁ የቆየ ልማድ ነው። በሞዛርትና በቤትሆቨን ዘመን ኦርኬስትራው ዋና ዋናዎቹን ዜማዎች አስቀድሞ ይዘረጋል፤ ብቸኛ ተጫዋቹ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙዎች ይህን ትተውት ነበር። ሹማን በ1850 በጻፈው የቼሎ ኮንቼርቶ ጥቂት የመግቢያ ድምፆች እንደተሰሙ ቼሎው ይጀምራል። ሴን ሳንስ በ1872 በጻፈው ደግሞ ኦርኬስትራው አንድ ጊዜ ብቻ መታ አድርጎ መንገዱን ይለቅለታል። ድቮርዣክ በ1894 ወደ አሮጌው ልማድ የተመለሰው በምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን ዜማ የምንሰማው ከክላሪኔት ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ክፉ ወሬ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከየት እንደሚጀምር እንደሚያስብ ሰው። ከዚያ ኦርኬስትራው በሙሉ አንስቶት ያስተጋባዋል። ቼሎው በመጨረሻ ሲመጣ የሚይዘው ያንኑ ዜማ ነው፤ ነገር ግን ከጠቆረው ሚነር ወደ ብሩሁ ሜጀር አዙሮት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ድቮርዣክ ቦታው ላይ በጣልያንኛ ሁለት ማሳሰቢያዎች አስፍሯል። አንዱ በቆራጥነት እንዲጫወት ያዝዛል፤ ሌላው ዜማውን እዚያው እንደሚፈጥረው ሰው ይሁን ይላል። ክላሪኔቱ ሲያጉረመርም ሦስት ደቂቃ ተኩል አስቀድመን ባንሰማ ኖሮ፣ ቼሎው ምን ዓይነት ድፍረት እንዳደረገ በምን እናውቅ ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄዎ የሙያው ዋና ጭንቀት ነው። ቫዮሊን ከኦርኬስትራው በላይ ወጥቶ ይበርራል፤ ከላዩ ያለው ሰማይ ባዶ ነው። የቼሎ ድምፅ ግን ከወንድ ድምፅ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሆርኑም፣ ባሱኑም፣ ቪዮላውም የሚኖሩት እዚያው መሃል ላይ ነው። በገበያ መሃል ሆኖ ሳይጮኽ የሚናገር ሰው እንደማለት ነው። ቤትሆቨን ለቼሎ ብቻ የሚሆን ኮንቼርቶ አልጻፈም፤ ብራምስም አልጻፈም። ድቮርዣክ ራሱ በ1865፣ ገና ወጣት ሳለ አንድ ሞክሮ በፒያኖ አጃቢነት ትቶታል፤ ለኦርኬስትራ አላዘጋጀውም። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቼሎ ለብቸኛ ተጫዋችነት እንደማይሆን ያምን ነበር። ላይኛው ድምፁ በአፍንጫው ያለቅሳል፣ ታችኛው ያጉተመትማል ይል እንደነበር ይነገራል።

ሐሳቡን ያስቀየረው ኒው ዮርክ ነው። ከ1892 ጀምሮ በዚያ ከተማ የነበረውን ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። እዚያው ያስተምር የነበረው ቪክቶር ኸርበርት በመጋቢት 1894 የራሱን ሁለተኛ የቼሎ ኮንቼርቶ ሲጫወት ድቮርዣክ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ኸርበርት ሦስት ትሮምቦኖች አስገብቶ ሳለ ቼሎው አልተዋጠም። በዚያው ዓመት ኅዳር 8 ቀን ድቮርዣክ የራሱን ጀመረ።

የእሱ ዘዴ እንዲህ ነው። ኦርኬስትራውን አላሳነሰውም፤ ትሮምቦኑም ቱባውም አሉ፣ በሦስተኛው ክፍል ትሪያንግል እንኳን አለች። ነገር ግን ቼሎው ሲናገር ሁሉም አብሮ አይናገርም። አንድ ፍሉት ወይም አንድ ክላሪኔት ብቻ ቀርቦ ያነጋግረዋል፤ ሌላው ወይ ዝም ይላል ወይ ከሥር በስሱ ይነጠፋል። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ የሚወጣው ቼሎው ሲያርፍ ነው። ዛሬ ሌሊት እንደገና ከከፈቱት የመጀመሪያው ክፍል መሃል አካባቢ ሲደርሱ ልብ ይበሉ። ቼሎው ያን የመክፈቻ ዜማ አዘግይቶ፣ ሐዘን አልብሶ ይዘፍነዋል፤ ከላይ አንድ ፍሉት ብቻውን ይመልስለታል። በስልሳ ሰው መካከል ሁለት ሰዎች ናቸው የሚነጋገሩት። ብራምስ ኖታውን ካየ በኋላ፣ እንዲህ ያለ የቼሎ ኮንቼርቶ መጻፍ እንደሚቻል ባውቅ ኖሮ እኔም ድሮ እጽፍ ነበር ማለቱ ይወሳል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም፤ ብራምስ ሰውን በዋዛ የሚያሞግስ አልነበረምና።

*ጥያቄ፦ እትዬ፣ ማሲንቆ እየተማርኩ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሆርን የሚጫወታት ዜማ አለች፤ ስሰማት ትዝታ ትዝታ አለችኝ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ተሳስቻለሁ? ከባሕር ዳር*

የሳቁብህ ጓደኞችህ ጆሮህን ሊያመሰግኑ ይገባ ነበር። ያቺ ዜማ በዲ ሜጀር ናት፤ አጀማመሯ ላይ የምትመላለሰው በአምስት ድምፆች ነው፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ እና ቢ። የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ከዲ ብትጀምረው የምታገኘው እነዚያኑ አምስቱን ነው። ማሲንቆህን አንስተህ ሞክራት፤ ጣትህ መንገዱን ያውቀዋል።

ይሁንና ድቮርዣክ ትዝታን አልሰማም። አምስት ድምፅ ያላቸው ዜማዎች በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አሉ። እሱ ኒው ዮርክ በነበረበት ጊዜ ቤቱ ይመላለስ የነበረ ሃሪ በርሌ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተማሪ ነበር፤ ከባርነት ዘመን የተወረሱትን መንፈሳዊ መዝሙሮች እየዘፈነ ያሰማው ነበር። ድቮርዣክም በ1893 የአሜሪካ ሙዚቃ መሠረቱን ሊጥል የሚገባው በጥቁሮቹ ዜማዎች ላይ ነው ብሎ በጋዜጣ ተናገረ። ይህን መናገር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ብዙዎችንም አስቆጥቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በካርኔጊ አዳራሽ በቀረበው ዘጠነኛው ሲምፎኒው ውስጥ የእነዚያ መዝሙሮች ጣዕም ይሰማል። የቼሎው ኮንቼርቶ ግን ከአሜሪካ ይልቅ ወደ ገዛ አገሩ የሚያይ ሥራ ነው፤ የናፈቀ ሰው ሥራ ነው። የቦሔሚያ፣ የዚያ የቼክ አገሩ፣ ገጠር ዜማም ሆነ የጥቁሮቹ መዝሙር ከየትኛው መንገድ መጥቶ ያቺን ዜማ እንዳደረሳት መለየት ለእኔ ትልቁ ጉዳይ አይደለም። ትልቁ ጉዳይ ለሆርን መስጠቱ ነው። ሆርን ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ አለው፤ ከተራራ ማዶ የሚጣራ ሰው ይመስላል።

ደግሞም ቅኝት የድምፆች ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ መምህርህ ነግሮህ ይሆናል። ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው ድምፁ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ግጥሙ የት ላይ እንደሚሰበር ነው። በዚህ በኩል ከሆርኑ ይልቅ የሚቀርብህ ቼሎው ይመስለኛል። አንተ በአንዲት የጭራ ክር ላይ ጣትህን ከጎን እያስነካህ ታለቅሳለህ፤ እኛ አራት ክር አለን። አንተ ዕጣን ትቀባለህ፤ እኛ የጥድ ሙጫ። የፈረሱ ጭራ ግን የሁለታችንም ደጋን ላይ አለ። ፕራግ በገባሁበት የመጀመሪያ ወር መምህሬ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ጣቴን ሳላነሳ እያንሸራተትኩ መሄዴን ሲያዩ ይህን ከየት ተማርሽው ብለው ጠየቁኝ። ልጅ ሆኜ ሠርግ ቤት ከሰማኋቸው አዝማሪዎች መሆኑን ስነግራቸው፣ አብዛኛውን አስተዉኝ፤ ለሁለተኛው ክፍል ግን ትንሽ አስቀርተውልኛል።

ሆርኑ የጀመራትን ዜማ ኋላ ላይ ቼሎው ራሱ ይወስዳታል። እዚያ ስትደርስ ሙዚቃውን አቁምና በማሲንቆህ መልስላት። ከዚያ እንደገና ስማው።

*ጥያቄ፦ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። እርስዎ የጻፉትን አብረን ከሰማን ወዲህ ቼሎ ካልተማርኩ ብላ አስቸግራኛለች። መሣሪያው ከእሷ ይበልጣል። ትጠብቅ ወይስ ትጀምር? ከአዲስ አበባ*

ትጀምር። ቼሎ ለልጆች በየልካቸው ይሠራል፤ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ የሚባሉ መጠኖች አሉ። ችግሩ እነዚህን እዚህ አገር ማግኘቱ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ከወዲሁ ይንገሩት። ትልቁን መሣሪያ ግን በፍጹም አያሸክሟት። ጣቶቿ ያለ አቅማቸው ከተዘረጉ የሚበላሸው አያያዟ ብቻ አይደለም፤ ሕመምም ያስተምራታል። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ አንድ ተጫዋች ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝቅተኛውን ክር ሲመታ ትስማ፤ ከተቻለም እጇን የመሣሪያው ሆድ ላይ ታሳርፍ። እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። እጇን ወዲያው ከሳበች ትንሽ ትቆይ፤ እጇን ካላነሳች መምህር ይፈልጉላት። የድቮርዣክን ኮንቼርቶ ለመጫወት ዐሥር ዓመት ገደማ ትደክማለች። ለመስማት ግን ዛሬውኑ ደርሳለች።

*ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታላቅ እህቴ ባለፈው ክረምት ጎንደር አረፈች። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯ አልደረስኩም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች ስለዚህ ኮንቼርቶ ሳወራላት፣ ድቮርዣክ የጻፈው ለሞተች የሚስቱ እህት ነው አለችኝ። እውነት ነው ወይስ ሙዚቀኞች የሚያወሩት ተረት? እውነት ከሆነ የትኛው ቦታ ላይ ነው ያለችው? ለሐዘን ከሆነስ ለምን በጩኸት አለቀ?*

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ነፍሷን ይማርልሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ኖታውን ከመደርደሪያ አውርጄ መጨረሻውን ገጽ በገጽ አየሁት። የምነግርሽ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተዘረጋ ነው።

የሥራ ባልደረባሽ የነገረችሽ እውነት አለው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትንሽ ይለያል። ድቮርዣክ ኮንቼርቶውን ሲጀምር ዮዜፊና በሕይወት ነበረች። እሷ የሚስቱ የአና ታላቅ እህት ናት፤ የፕራግ ቲያትር ተዋናይት ነበረች። በ1865 ድቮርዣክ ለእህትማማቾቹ ፒያኖ ያስተምር ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ያን ጊዜ ዮዜፊናን እንደወደዳትና እሷ እንዳልፈቀደችው ይተርካሉ። በ1873 አናን አገባ፤ ዮዜፊናም በኋላ ለአንድ መስፍን ተዳረች። የፍቅሩን ነገር ሰዎች አብዝተው ያወሩታል። እኔ ከዚያ ይልቅ የሚነካኝ ሠላሳ ዓመት የዘለቀው ዝምድና ነው። በቪሶካ፣ የዮዜፊና ባል ርስት በነበረበት መንደር፣ ድቮርዣክም ቤት ነበረው፤ ክረምት ክረምት ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ ነበር።

በ1894 መከር ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ አናንና ኦታካር የሚባለውን ልጁን ብቻ ይዞ ሄደ። ሌሎቹ ልጆች አገር ቤት ቀሩ። ኮንቼርቶውን ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ዮዜፊና በጠና መታመሟን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈለት። ሁለተኛውን ክፍል ሲጽፍ ከዓመታት በፊት የደረሳትንና እሷ ትወዳት የነበረችውን አንዲት መዝሙር አስገባበት። ርእሷ ብቻዬን ተዉኝ እንደማለት ነው። ስትሰሚው ቦታው አይጠፋሽም። ክፍሉ በጸጥታ፣ በገጠር ሰላም ይጀምራል። ድንገት ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ፣ በሚነር ይጮኻል፤ በሩ በኃይል እንደተከፈተ ያህል ነው። ጩኸቱ ሲወርድ ቼሎው የሚዘፍነው ያቺን መዝሙር ነው።

ኮንቼርቶው የካቲት 9 ቀን 1895 አለቀ። በሚያዝያ ወር ድቮርዣክ አሜሪካን ለቅቆ አገሩ ገባ። ግንቦት 27 ቀን ዮዜፊና አረፈች። እሱም ያለቀውን ሥራ እንደገና ከፈተና መጨረሻውን ለወጠው፤ ስልሳ ባር ያህል ጨመረበት። በእጅ ጽሑፉ ላይም፣ ኒው ዮርክ ጨርሼው ነበር፣ ወደ አገሬ ስመለስ ግን መጨረሻውን አሁን እንዳለው አድርጌ ለወጥኩት የሚል ማስታወሻ አኖረበት፤ ቀኑ ሰኔ 11 ቀን 1895 ነው። ስለዚህ ተረት አይደለም። መጨረሻውን መለወጡን በገዛ እጁ ጽፎታል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሥራው የተበረከተው ለሃኑሽ ቪሃን ነው፤ የድቮርዣክ ወዳጅና በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የቼሎ ተጫዋቾች አንዱ። ቪሃን አንዳንድ ለውጦችን ሐሳብ አቀረበ፤ ጥቂቶቹን ድቮርዣክ ተቀበለ። በመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ቪሃን 59 ባር የሚሆን ካዴንዛ ጻፈ። ካዴንዛ ማለት ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ብቸኛ ተጫዋቹ የጣቱን ፍጥነት የሚያሳይበት ቦታ ነው። ያን ለማስገባት የፈለገው በዚያ ስንብት አጠገብ ነው። አስቢው፤ ለቅሶ ቤት መሃል ፈረስ ጉግስ! ድቮርዣክ በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን በርሊን ላለው አሳታሚው ለዚምሮክ ጻፈ። ወዳጄ ቪሃንም ቢሆን ያለ እኔ ፈቃድ አንዳች እንዳይለውጥ ቃል ካልገባህልኝ ሥራውን አልሰጥህም አለው። መጨረሻው እንዴት መሆን እንዳለበትም ገለጸለት። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል ትዝታዎች እየተመላለሱ፣ እንደ እስትንፋስ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ቼሎው እስከ ሹክሹክታ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና ያድጋል፤ የመጨረሻዎቹን ባሮች ኦርኬስትራው ተቀብሎ በማዕበል ይዘጋዋል። ሐሳቤ ይህ ነው፣ ከዚህ ፈቀቅ አልልም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ መጋቢት 19 ቀን 1896 በለንደን ኩዊንስ ሆል ሲቀርብ የመራው ራሱ ድቮርዣክ ነበር፤ ቼሎውን የተጫወተው ሊዮ ስተርን ነው። ካዴንዛ አልነበረበትም፤ ዛሬም የለበትም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፕራግ በአራተኛ ዓመቴ ይህን ክፍል ለፈተና ሳዘጋጅ አባቴ ሞተው ነበር። ቤተሰቤ ትምህርቷን ታቋርጣለች ብሎ ደበቀኝ። ደብዳቤ ይመጣል፤ አባትሽ ሰላም ብለውሻል ይላል። መርዶው የደረሰኝ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው፤ ለተስካራቸው እንኳን አልደረስኩም። መምህሬ ግን ይህን ሳያውቁ፣ ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት መጨረሻውን ስጫወት አስቆሙኝ። በጣም ቸኩዬ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ አልፌ ወደ ማብቂያው መድረስ ብቻ ነበር የታየኝ። ቼሎውን አስቀምጪ አሉኝ። ከጎረቤት ክፍል አንዲት የቫዮሊን ተማሪ ጠርተው የቫዮሊኑን መስመር ብቻ ሦስት ጊዜ አጫወቷት። ያቺ መዝሙር ናት፤ የዮዜፊና። በመጨረሻው ላይ የሚዘፍናት ቼሎው ሳይሆን ከኦርኬስትራው መካከል አንድ ብቸኛ ቫዮሊን ነው፤ ከላይ፣ በጣም ከፍ ብሎ። መምህሬ ምንም ማብራሪያ አልሰጡኝም። አራተኛውን ጊዜ አብረሽ ተጫወች አሉኝ።

ከወራት በኋላ መርዶዬን ስሰማ፣ ከለቅሶው ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ያቺ ክፍልና ያቺ ልጅ ናት።

ስለ ጩኸቱ ለጠየቅሽኝ፣ ድቮርዣክ ራሱ ለዚምሮክ ከጻፈው ሌላ የምጨምረው ጥቂት ነው። ጩኸቱ የኦርኬስትራው ነው። ከዓለም የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ከለቅሶ ቤት ስትወጪ መንገዱ ላይ እንደሚጠብቅሽ ሁሉ።

የምትሰሚውን ልምረጥልሽ። ፓብሎ ካሳልስ በ1937 እዚያው ፕራግ ውስጥ ከቼክ ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ በጆርጅ ሴል መሪነት የቀረጸው አለ። ድምፁ አሮጌ ነው፤ ይንኮሻኮሻል፤ ተጫዋቹ ግን የገዛ አገሩ ስፔን በጦርነት ስትነድ የሚጫወት ሰው ነው። ሌላው የሶቪየቱ ቼሎ ተጫዋች የሮስትሮፖቪች ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1968 ለንደን፣ ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ ከሶቪየት መንግሥት ኦርኬስትራ ጋር። የሶቪየት ታንኮች ፕራግ የገቡት በዚያው ዕለት ሌሊት ነበር። ሕዝቡ አዳራሹ ውስጥ ተቃውሞውን እየጮኸ ነው የተጀመረው። ሮስትሮፖቪች የቼኩን ሰው ሥራ እያለቀሰ ተጫወተ፤ ሲጨርስም የመሪውን ኖታ አንስቶ ከራሱ በላይ ለሕዝቡ አሳየ። ቀረጻው ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን ይህን አታስቀድሚ፤ የአገር ሐዘን አለበትና የእህትሽን ይጋፋብሻል። ከካሳልስ ጀምሪ።

ሙሉውን ስሚው፤ ወደ መጨረሻው አትዝለይ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ሩጫው ይበርዳል። ያ መጀመሪያ ላይ በክላሪኔት የሰማሽው ዜማ ከሩቅ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ከላይ ቫዮሊኑ መዝሙሯን ያነሳል፤ ያለችው እዚያ ላይ ነው። ቼሎው ከእሷ በታች ሆኖ ያጅባታል እንጂ አይቀማትም። ከዚያ ቫዮሊኑ ዝም ይላል፤ ቼሎው እየወረደ እየወረደ ይሄድና አንድ ድምፅ ላይ፣ ቢ ላይ፣ ይቆማል። ሊጠፋ ሲል መልሶ ያድጋል። ኦርኬስትራው ሲቀበለው ተጫዋቹ ደጋኑን ከክሩ ላይ ያነሳል። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጩኸት ውስጥ ቼሎው የለበትም።